ሻምበል ፍሬን

ባለፈው ሳምንት የዳንቴል ክር ልገዛ መርካቶ ወርጄ ነበር። ልጆቼ «እማዬ፣ በዚህ ጉልበትሽ መርካቶ ምን ያደርግልሻል? ክሩ ሰፈርሽ ሱቅ አለልሽ አይደል?» ይሉኛል። አለ፤ ግን የሰፈሩ ሱቅ ያለው ነጭና ክሬም ብቻ ነው፣ ባለሱቁም ዋጋ ሲነግረኝ ቀና ብሎ አያየኝም። መርካቶ ቢያንስ እየሳቁልኝ ነው የሚያስወድዱብኝ። ሲኒማ ራስ ጋ ከሚኒባሱ ወርጄ ጉልበቴን እያባበልኩ ስሄድ፣ ሁለት ተሸካሚ ጎረምሶች አንድ ትልቅ ጆንያ መሀላቸው አስቀምጠው ሲጣሉ ደረስኩ። አንዱ «ደንበኛው የኔ ነው» ይላል፣ ሌላው «ቀድሜ የያዝኩት እኔ ነኝ» ይላል። ሰዉ ከቦ ያያል እንጂ ገላጋይ የለም። ረጅሙ ልጅ እጁን ሰንዝሮ ሊያሳርፍበት ሲል አጭሩ ሳይሸሽ፣ ባለበት ቆሞ «በሕግ አምላክ» አለው። የረጅሙ እጅ አየር ላይ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ቀስ ብሎ አወረደው። ጠቡ በዚያው በረደ፤ እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አንዲት ባለሱቅ የደከመኝ መስሏት ዱካ አውጥታ አስቀመጠችኝ፣ ውሃም ሰጠችኝ። ድካም አልነበረም።

በእኛ ጊዜ ቃሉ «በጃንሆይ አምላክ» ነበር። አሁን ጃንሆይ የሉም፤ ቦታቸውን ሕግ ወርሶታል፣ ቃሉ ግን መርካቶ ውስጥ እስከ ዛሬ ይሠራል ማለት ነው። በዚህ ዘመን ላደገ ሰው ልንገረው፦ ሊመታህ፣ ሊቀማህ ወይም በግድ ሊወስድህ የመጣን ሰው «በጃንሆይ አምላክ» ካልከው መቆም አለበት። ጠሪው ለማኝ ይሁን፣ የተጠራበት ሹም ይሁን፣ ነገሩ በዳኛ ወይ በሽማግሌ እስኪታይ ንቅንቅ አይልም። ጠሪውም እንደዚያው፤ ቃሉን ጠርቶ መሸሽ የለም። መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ ሁለት ሰዎች እንዲህ ተባብለው፣ ዳኛ እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ቆመው አንዱ ለሌላው ሲጋራ ሲለኩስለት በዓይኔ አይቻለሁ። ሰምቶ ማለፍ የጃንሆይን አምላክ መድፈር ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል። ባሌን ወህኒ ያስገባው ግን ይኸው ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው።

አበራን ያገባሁት መቶ አለቃ ሳለ ነው። ድንበር ላይ ተዋግቶ፣ ትከሻው ላይ ቆስሎ፣ ተሸልሞ የመጣ ሰው ነበር፤ ይህን የምለው ኋላ ለሚመጣው ነገር እንድታስታውሱልኝ ነው። ሻምበል ሲሆን የመኮንኖች ሰፈር ውስጥ በረንዳ ያለው ቤት ተሰጠን፤ ፊት ለፊቱ ጽጌረዳ ነበረበት። የመኮንን ሚስት መሆን እንዲህ ቀላል ነገር አልነበረም። የካኪ ሱሪውን በከሰል ካውያ ስተኩስ መታጠፊያው ምላጭ መምሰል ነበረበት፤ አበራም «ከሁለታችን በደንብ የምትተኩሺው አንቺ ነሽ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በሴቼንቶ ታክሲ ሲኒማ ራስ እንመጣለን። ታክሲዋ ከመጥበቧ የተነሳ የአበራ ጉልበት አገጩ ጋ ይደርሳል። እኔ ናይለን ሻሼን አስሬ፣ ከፋይ ኮቴን ደርቤ፣ መግቢያው ስሙኒ በነበረበት ሲኒማ እንደ ልዕልት እየተጎማለልኩ እገባ ነበር። ፊልሙ ብዙ ጊዜ የህንድ ነው፤ እኔ አለቅሳለሁ፣ እሱ ይስቅብኛል። ስንወጣ ኬክ በሻይ። ዛሬ በዚያው ቦታ ሳልፍ የማየው የሚኒባስ ወረፋ ብቻ ነው፣ ግን የዚያ ኬክ ጣዕም እስካሁን አፌ ላይ አለ።

በዚያ ሰሞን በአንዱ ጠቅላይ ግዛት ገበሬዎች በግብር የተነሳ አመፁ ተባለ። የት፣ መቼ፣ ጥፋቱስ የማን ነበር፣ ይህን የሚያውቁት ይጻፉት። እኔ የማውቀው ክረምት እንደነበረና አበራ ጦሩን ይዞ ሲወጣ አዲሱ ቦት ጫማው በጭቃ እንዳይበላሽ ሳስብ መዋሌን ነው። የደረሰበትን ኋላ ራሱ ነገረኝ። የታዘዘው የገበያ ሜዳው ላይ የተሰበሰበውን ሕዝብ እንዲበትን፣ እምቢ ካሉም እንዲተኩስ ነው። ሕዝቡ አልተበተነም። ወታደሮቹ አነጣጠሩ። ከፊት የቆሙ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና አበራን አይተው «በጃንሆይ አምላክ፣ እንዳትተኩስ» አሉት። አበራ ወታደሮቹን «አውርድ» አለ። አለቃው በሬዲዮ ደጋግሞ «ተኩስ» ሲለው «አልተኩስም» አለ፤ ሽጉጡን ራሱ ፈትቶ ለምክትሉ ሰጠና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ምክትሉም አልተኮሰም፤ አለቃ እስኪመጣ እጠብቃለሁ አለ። ገበሬዎቹም ቃሉን የጠሩ ናቸውና አንድም ድንጋይ ሳይወረውሩ ባሉበት ተቀመጡ። ሲመሽ ብርድ ሆነና ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። አበራ ግን እጁ ታስሮ አዲስ አበባ መጣ፤ እኔም ቤቱን እንድለቅ ተነገረኝ። ትልቋ ልጄ ጡት አልጣለችም ነበር።

ሰባተኛ ውስጥ፣ ከእትዬ ባፈና ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እትዬ ባፈና ጎጃሜ ናቸው፣ ባላቸው በጠላት ጊዜ አርበኛ ሆነው የወደቁ፣ የባላቸው ፎቶግራፍ ከነጠመንጃው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ። ፈሪ የሚባል ነገር ቤታቸው አይገባም፤ ድመታቸው እንኳ ከውሻ ብትሸሽ ይሰድቧት ነበር። ስለዚህ ባሌ ግዳጅ ላይ ነው አልኳቸው። ልጄን አዝዬ ዳንቴል እሠራለሁ፤ ያን ጊዜ ሬዲዮ ያለው ሰው ሁሉ ሬዲዮውን ዳንቴል ያለብስ ስለነበር ለእንጀራዬ አላነሰኝም። ዳንቴሌን ለሰባተኛ ሱቆች እሰጣለሁ፣ ወህኒ ቤት ስንቅ አደርሳለሁ፣ ዝም እላለሁ። ዝምታዬ ብዙ አልቆየም። አንድ ጠዋት ቦኖ ውሃ ተሰልፌ አንዷ ሴትዮ «ፈቀቅ በይ፣ የፈሪ ሚስት» አለችኝ። ወንድሟ ወታደር ነበር፣ ከዚያ ሰምታ ነው። እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስኩ። እትዬ ባፈና ወሬው ቀድሞኝ ደርሷቸው በራፍ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«እውነት ነው?» አሉኝ።

«ምኑ፣ እትዬ?»

«ባልሽ ተኩስ ሲባል እምቢ አለ የሚባለው። ፈርቶ ነው?»

ከዚያ በላይ መሸሸግ አልቻልኩም። የሆነውን ሁሉ፣ ሽማግሌውን፣ በትሩን፣ ቃሉን ነገርኳቸው። ክፍሌን ልቀቂ እንደሚሉኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ በሐሳቤ ዕቃዬን መሸከፍ ጀምሬያለሁ። እትዬ ባፈና በበሩ ወደ ውስጥ ዞረው የባላቸውን ፎቶ አዩና «በጃንሆይ አምላክ ተብሎ?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «ተብሎ ተኩሶ ቢሆን ኖሮ ነበር ዛሬ ከቤቴ የማስወጣሽ» አሉኝ። ከዚያ እንስራዬን ተቀብለው እሳቸው ራሳቸው ቦኖ ወረዱ። ያቺን ሴትዮ ምን እንዳሏት አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ግን ወረፋ ትለቅልኝ ጀመር።

የጦር ፍርድ ቤቱ ነገሩን ሲያይ ግራ እንደተጋባ አበራ ኋላ እየሳቀ ያወራልኝ ነበር። ከዳኞቹ አንዱ «የጃንሆይን ትእዛዝ እምቢ ብለሃል» ይሉታል። «በጃንሆይ አምላክ ተባልኩ፣ ጌታዬ» ይላል። «ትእዛዙስ?» ይሉታል። «ተባለ እኮ» ይላል። ሌላ መልስ አልሰጠም። ጥፋተኛ ነው እንዳይሉ አምላክ ተጠርቷል፣ ነጻ ነው እንዳይሉ ሠራዊቱ ይሰማል። በመጨረሻ ማዕረጉ እንዲገፈፍ፣ ቤትና ንብረት ያላቸው ሁለት ዋሶች ቢያቀርብ እንዲፈታ፣ እስከ መስቀል ዋስ ካጣ ግን ሩቅ አገር ወህኒ እንዲወርድ ፈረዱ። ሩቅ የተባለው ወህኒ ቆላ ነበር፤ የወረደ ሁሉ ወባ እንደሚበላው እናውቃለን። ስለዚህ የኔ ነገር ዋስ ማግኘት ብቻ ሆነ። የአበራ አጎት ቪላ ነበራቸው፤ ሄድኩ። «ልጄ፣ የመንግሥት ደሞዝ ነው የምበላው፣ እኔም ልጆች አሉኝ» ብለው እስከ በሩ ሸኙኝ። ጓደኞቹ መኮንኖች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ማዶ ይሻገራሉ፤ አንዱ ብቻ፣ ስሙን ሳይናገር፣ በወታደር እጅ አንድ ሎቄ ስኳር ላከልኝ። እትዬ ባፈና ይህን ሁሉ ሲያዩ ከርመው «አንዱ ዋስ እኔ ነኝ፣ ቤት አለኝ። ሌላውን እንፈልግ» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሶማሌ ተራ ይዘውኝ ሄዱ።

ጋሼ ሳህሌ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የሚነግዱ ጉራጌ ናቸው። የእትዬ ባፈናን የፊት ክፍል ተከራይተው አሮጌ ጎማ ያከማቹበት ነበር፤ በረባሶ ሠሪዎች እየመጡ ይገዟቸዋል። ከእግዜር ሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። ሱቃቸው ግሪስና ጎማ ይሸታል፤ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ መቀመጫው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል።

«ሳህሌ፣ ዋስ እንድትሆነን ነው የመጣነው» አሉ እትዬ ባፈና፣ ሳይቀመጡ።

«ለማን ነው፣ እትዬ?»

«ለዚች ልጅ ባል።»

«ሰውየውን አላውቀውም እኮ።»

«እኔስ የት አውቀዋለሁ?»

ጋሼ ሳህሌ ወደ እኔ ዞሩ። የሆነውን ነገርኳቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሰሙኝና «ቁልቁለት ላይ ነበር በይኛ» አሉኝ። አልገባኝም። «ትእዛዝ ወርዶ፣ ጠመንጃ ተቀባብሎ፣ አለቃ ከኋላ እየገፋ። እዚያ ላይ ነው ያቆመው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የያዘ ሹፌር ፈሪ ይባላል እንዴ? እዚህ ዕቃ ሊገዛኝ የሚመጣው ሁሉ ፍሬን የበጠሰ ነው። ፍሬን የያዘ ሰው ሲነገረኝ ዛሬ ገና ነው። እሺ፣ መቼ ነው ቀኑ?»

ዋስትናውን የሚቀበሉት ሹም ከመስቀል በፊት የሚገኙት የደመራ ዕለት ብቻ ነው አልኳቸው። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ነጋዴዎች ሁሉ ወደ ጋሼ ሳህሌ ዞሩ። መርካቶን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መስቀል ሲደርስ ጉራጌው አገሩ ይገባል፣ ሱቆች ይዘጋሉ፣ መርካቶም ጭር ይላል። መስቀልን ከእናቱ ቤት ውጭ የዋለ ጉራጌ ታሟል ወይም ታስሯል ነው የሚባለው። ጋሼ ሳህሌ በሊስትሮነት ከመጡ ጀምሮ አንድም መስቀል ቀርተው አያውቁም። የእናታቸው ነጠላ፣ የልጆቹ ጫማ፣ ሁሉም ተገዝቶ ጥግ ላይ ታስሮ ይታየኛል፤ የሚሄዱበት መኪና የሚነሳው ደግሞ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው። ይቅርብዎት ለማለት አፌን ከፈትኩ፣ ግን ማለት አቃተኝ። እሳቸው ዕቃውን ትንሽ አዩትና ለጎረቤታቸው ነጋዴ «ይህን ለእናቴ ይዘህልኝ ግባ። ሥራ ያዘው በላት፤ ታሟል እንዳትላት ብቻ» አሉት። እኔ አለቀስኩ። እሳቸው ግን የመጣ ደንበኛ ጋር ስለ ካምቢዮ መከራከር ጀመሩ።

የደመራ ዕለት ሦስታችን ወደ ሹሙ ቢሮ ሄድን። ጋሼ ሳህሌ ለአገራቸው ያሰፉትን ነጭ ልብስ ለብሰው፣ እትዬ ባፈና የባላቸውን ሜዳይ ነጠላቸው ላይ ሰክተው። ወረፋው ረጅም ነበር፣ ጸሐፊውም ልቡ ደመራው ጋ ነው። ተራችን ሲደርስ ሰዓቱን አየና «ከመስቀል በኋላ ተመለሱ» ብሎ መስኮቱን ሊዘጋ ሳበው። ከመስቀል በኋላ ማለት የቆላው ወህኒ ማለት ነው። ማስረዳት ጀመርኩ፣ አልሰማኝም። የዚያን ጊዜ ነው እትዬ ባፈና ከኋላዬ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «በጃንሆይ አምላክ፣ እንዳትዘጋው» ያሉት። የጸሐፊው እጅ መስኮቱ ላይ ቀረ። አይዘጋው፣ አይለቀው። ከውስጥ ሹሙ፣ ወፍራም ኮት የለበሱ ሰው፣ «ምንድን ነው የቆምከው?» እያሉ ወጡ።

«ተባለ እኮ፣ ጌታዬ» አለ ጸሐፊው፣ እጁን ሳያነሳ።

ሹሙ እኛን አዩ፣ የመጣንበትን ጉዳይ ጠየቁ። ስማቸውን ሳላውቅ ቀረሁ እንጂ ሻማ አበራላቸው ነበር። የአበራን ነገር ሲሰሙ መጀመሪያ ጸሐፊውን፣ ቀጥሎ እኛን፣ እንደገና ጸሐፊውን አዩና «እንግዲህ አንተንም ላስርህ ነው?» አሉት። ሹሙ ሳቅ ያዛቸው መሰለኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ራሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡና የሁለቱንም ዋስትና ጻፉ። ደመራው ሳይለኮስ አበራ በእጄ ገባ። ከስቶ ነበር፣ ትከሻው ላይ ማዕረጉ የተነሳበት ቦታ ካኪው ከሌላው ይልቅ ጠቁሮ ይታያል።

መስቀልን የዋልነው እትዬ ባፈና ቤት ነው። ጋሼ ሳህሌ አገራቸውን ስለቀሩብን እትዬ ባፈና ክትፎ ልሥራለት ብለው ተነሱ። ጎጃሜ ክትፎ የት ታውቃለች? ጥሬ ሥጋ ለእንግዳ አላቀርብም ብለው እሳት ላይ አቆይተውት ጠንክሮ መጣ። ጋሼ ሳህሌ ቀምሰው ትንሽ አሰቡና «እትዬ፣ ይህ ፍሬን ሸራ ነው» አሉ። አበራ ያን ጊዜ ሳቀ፤ ከወህኒ ከወጣ የመጀመሪያ ሳቁ ነው። ጋሼ ሳህሌም ወደ እሱ ዞረው «ሻምበል ፍሬን፣ ይብሉ እንጂ» አሉት። ያ ስም በዚያው ቀረ። ጋሼ ሳህሌ ሱቃቸው ውስጥ ሥራ ሰጡት፣ መርካቶም እስከ ዕለተ ሞቱ ሻምበል ፍሬን እያለ ጠራው። ጃንሆይ የገፈፉትን ማዕረግ መርካቶ መለሰለት ማለት ነው። ሥራ በሌለበት እሑድ ካውያውን አቀብዬው «እስቲ ተኩስ» ስለው «እሱንም እምቢ ብያለሁ» ይለኝ ነበር፤ ለዚህ ቀልድ ሲል ዕድሜ ልኬን ልብስ ተኳሽ አድርጎኝ ኖረ። ኋላ ላይ ሌሎችም መጡ። ጎተራ አቃጥል ተብሎ እምቢ ያለ አንድ ወጣት መቶ አለቃ፣ ሌላም አንድ፣ ከወህኒ ሲወጡ ሰው ሶማሌ ተራ ይልካቸዋል። ጋሼ ሳህሌ «ጎማ የሚገዛ ጠፋ፣ ዋስ ፈላጊ ብቻ ነው የሚመጣብኝ» እያሉ ያማርራሉ፤ እያማረሩ ጫማቸውን ያስራሉ፣ እየተነሱ ይሄዳሉ። እትዬ ባፈናም በድሮ ክፍሌ እነሱን አሳረፉ፤ እኛ በዚያን ጊዜ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር። ጋሼ ሳህሌም ሆኑ እትዬ ባፈና ስለ ውለታቸው ሲናገሩ አልሰማሁም። እኔም በቅጡ ሳላመሰግናቸው ሁለቱም አለፉ፤ ይኸው አሁን ነው የማመሰግናቸው።

አበራን ለዓመታት ስጠይቀው ኖሬአለሁ። ያን ሁሉ መዘዝ የሚያመጣ ነገር በአንድ ቃል ብቻ እንዴት ይሆናል፣ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይገባል ብዬ። «ተባለ እኮ፣ ጥሩዬ» ነበር መልሱ ሁሌ። ታሞ በተኛበት ሰሞን፣ ትራሱን ሳስተካክልለት፣ «ባይባልስ ኖሮ?» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። «የሚለው ሰው እስኪመጣ ስጠብቅ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኩትም።

ባለፈው ሳምንት እንግዲህ፣ ከዱካው ላይ ሆኜ ያን ረጅሙን ጎረምሳ በእጄ ጠራሁት። ሊቆጡኝ ነው ብሎ ይሆናል፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«ምነው ተውከው፣ ልጄ?» አልኩት። «ጉልበቱ ያለህ አንተ ነህ።»

«ተባለ እኮ፣ እማማ» አለኝ።

ፊቱን አየሁት። የተሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም፤ እፎይ ያለ ፊት ነው፣ የሚለው ሰው ሲጠብቅ የቆየ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ለምን እንደማመሰግነው አልገባውም፤ ብቻ «አሜን፣ እማማ» ብሎ፣ ወደ ጓደኛው ተመልሶ ጆንያውን ለሁለት አነሱት።